ኮምፒዩተሩ አልነሳ ሲል፤ ፎርማት ከማስደረጋችን በፊት

በኢስሊም ሆነ በሌሎቹ የናይሮቢ ሰፈሮች ከሚኖሩ ወገኖቻችን ደጋግመን የምንሰማው አንድ አቤቱታ አለ። «ላፕቶፔ ትናንት ደህና ነበር፤ ዛሬ ሳበራው ጥቁር ስክሪን ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አውጥቶ ቀጥ አለ። ፉንዲ ዘንድ ብወስደው ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም አለኝ» የሚል ነው። ባለቤቱም ሌላ መንገድ ያለ ስለማይመስለው «እሺ፣ አድርገው» ይላል። ማታ ላይ ኮምፒዩተሩ እንደ አዲስ ተነስቶ ይመለስለታል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው።

ባዶ ማለት ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ታውቁታላችሁ። ለመልሶ ማስፈር ቃለ መጠይቅ ስንት ሌሊት ተቀምጠን የጻፍነው ታሪክ፣ ዋናው ከጠፋ በኋላ በስካን ብቻ የቀረ የልደት ማስረጃ፣ የይግባኝ ደብዳቤ፣ የልጆች ሰርተፊኬት፣ ዳግመኛ ሊነሳ የማይችል የእናት ፎቶግራፍ... እነዚህ ከሄዱ የሚተካቸው ዕቃ በሉቱሊ ጎዳና ሱቆችም አይገኝም።

ስለዚህ በዚህ ዕትም ልንነግራችሁ የምንፈልገው ነገር አንድ ነው፤ የማይነሳ ኮምፒዩተርና የጠፋ ፋይል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ አውጥቶ በሚቆም ማሽን ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው «ቡትሎደር» የሚባለው ትንሽ አስነሺ ፕሮግራም ነው፤ ፋይሎቻችን ያሉበት ቦታ አይደለም። ዘበኛው ስለታመመ ቤቱ ተቃጠለ አይባልም። በሩ አልተከፈተም ማለት ብቻ ነው፤ ዕቃው እንዳለ ውስጥ ነው።

ነገሩን ትንሽ እናብራራው። ማብሪያውን ስንጫን መጀመሪያ የሚነቃው ማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠ ፕሮግራም ነው፤ በድሮዎቹ ማሽኖች ባዮስ፣ በአዲሶቹ ዩኢኤፍአይ ይባላል። ይህ ፕሮግራም ዊንዶውስን ወይም ሊኑክስን ራሱ አንስቶ አያስኬድም። ሥራው የታወቀ ቦታ ሄዶ አስነሺውን መጥራት ነው። በባዮስ ጊዜ ያ ቦታ የሃርድ ዲስኩ የመጀመሪያ ቁራጭ ነው፤ ስፋቱ 512 ባይት ብቻ። ከዚህ ውስጥ 446ቱ ለአስነሺው ኮድ፣ 64ቱ ዲስኩ እንዴት እንደተከፋፈለ ለሚናገረው ሰንጠረዥ፣ የቀሩት 2ቱ ለማረጋገጫ ምልክት ናቸው። 446 ባይት ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ለመገመት ያህል፣ በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ እንግዲህ 150 ፊደል እንኳ አይችልም ማለት ነው። በዚህች ቦታ ላይ የተቀመጠው ኮድ ተነካ ማለት 500 ጊጋባይት ሙሉ ዲስክ የሞተ መስሎ ይታያል። በዩኢኤፍአይ ማሽኖች ደግሞ አስነሺው የራሱ ትንሽ ፓርቲሽን አለው፤ እዚያ ውስጥ እንደ ማንኛውም ፋይል ተቀምጦ ይጠራል።

ሊኑክስ ባለባቸው ማሽኖች ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ግረብ የሚባለው ነው፤ ኤሪክ ቦሊን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1995 የጀመረው ፕሮግራም ነው። ሁለት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ባለበት ማሽን «ዊንዶውስ ነው ኡቡንቱ?» ብሎ ዝርዝር የሚያወጣልን እሱ ነው።

ይህ ጉዳይ አሁን ለምን አሳሰባችሁ ብትሉን፣ ምክንያት አለን። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። አብዛኞቻችን የምንጠቀመው ደግሞ «ኤክስ ዩኬ» እየተባለ የሚሸጠውን ያገለገለ ላፕቶፕ ነው፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን አያሟሉም። ስለዚህ ወጣቶቻችን ከዊንዶውሱ ጎን ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት እየጫኑ ነው። ጥሩ ነው፣ እናበረታታለን። ግን ሁለት ሲስተም ባለበት ቤት ዘበኛው ላይ ጠብ አይጠፋም። ሊኑክስ ተጭኖ ካበቃ በኋላ ዊንዶውስ እንደገና ሲጫን የራሱን አስነሺ ያስቀድማል፤ የሊኑክሱ ዝርዝር ይጠፋል። አፕዴት እየተደረገ መብራት ጥርግ ሲልም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 25 ቀን 2023 አርብ ማታ ኬንያ በሞላ ጎደል ጨለማ ሲውጣት የጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ እንኳ አልተረፈም፤ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ የያዘ ሰው በዚያች ደቂቃ አፕዴት ላይ ከነበረ የሚደርስበትን መገመት ቀላል ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ ከራሱ ከአፕዴቱ ይመጣል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 13 ቀን 2024 የወጣው የዊንዶውስ የጥበቃ አፕዴት ሁለት ሲስተም ባላቸው ብዙ ማሽኖች ላይ ሊኑክሱን «ሴኪዩሪቲ ፖሊሲ ቫዮሌሽን» እያለ እንዳይነሳ አድርጎት ነበር። ዲስኩ ምንም አልሆነም፤ ሴኪዩር ቡት የሚባለው ቁጥጥር የድሮውን አስነሺ አልቀበልም ብሎ ነው። ከዚያ በፊት በጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው ድርጅት ያወጣው የተበላሸ ፋይል በዓለም ዙሪያ፣ በማይክሮሶፍት ግምት፣ 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖችን ሰማያዊ ስክሪን ላይ አስቀርቶ አውሮፕላኖችን ሳይቀር አስቁሟል። ያ የቡትሎደር ብልሽት አልነበረም፤ መዳኛው ግን ከምንናገረው ጋር አንድ ነው። ባለሙያዎች ማሽኖቹን በማዳኛ ሁኔታ እያስነሱ አንዲት ፋይል ሰረዙ፣ አለቀ። ያን ቀን አየር መንገዶቹን ሄዶ «ሁሉንም ፎርማት አድርጉ» ያለ ፉንዲ ቢኖር ምን ይሉት ነበር?

አሁን ወደ ማዳኛው እንምጣ። ላይቭ የሚባለው ነገር ከሲዲ ወይም ከፍላሽ ተነስቶ፣ በኮምፒዩተሩ ራም ውስጥ ብቻ የሚሠራ ሙሉ ሲስተም ነው። እኛ ካላዘዝነው በቀር ሃርድ ዲስኩ ላይ አንዳች አይጽፍም። ጀርመናዊው ክላውስ ክኖፐር እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ክኖፒክስ ይህን አሠራር በሰፊው አስተዋወቀ። ኡቡንቱ በኦክቶበር 2004 ከወጣ በኋላ እስከ 2011 ድረስ ሲዲውን በፖስታ በነጻ ለጠየቀው ሁሉ ይልክ እንደነበር የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ዛሬ ሲዲ ማንበቢያው ራሱ ከላፕቶፕ ጠፍቷል፤ የሚያስፈልገው 8 ጊጋባይት ፍላሽ ነው። በጓደኛ ኮምፒዩተር ወይም በሳይበር ካፌ የኡቡንቱን ወይም የሚንትን ፋይል አውርዶ፣ ሩፈስ ወይም ኤቸር በሚባለው ፕሮግራም ፍላሹ ላይ መጻፍ ነው። ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋልና አስቀድማችሁ አውጡት።

ፍላሹን ሰክታችሁ ማሽኑን ስታበሩ ዴልና ሌኖቮ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ትጫናላችሁ። ዝርዝር ሲመጣ ፍላሹን ምረጡ። ቀጥሎ ኡቡንቱ «ልሞክረው» ወይስ «ልጫነው» ብሎ ይጠይቃል። «ልሞክረው» የሚለውን ብቻ። ሌላኛውን የመረጠ ሰው ፉንዲው ሊያደርግለት የነበረውን በገዛ እጁ ሊያደርገው ይችላል።

ሲስተሙ ከተነሳ በኋላ እጃችሁ ቶሎ ወደ ጥገናው እንዳይሄድ። መጀመሪያ ፋይል ማውጣት። የዊንዶውሱ ዲስክ በፋይል ማሳያው በስተግራ ይታያል፤ ከፍታችሁ ዶክመንቱን፣ ዴስክቶፑን፣ ፎቶውን ወደ ሌላ ፍላሽ ወይም ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ቅዱት። ዊንዶውሱ በደንብ ሳይዘጋ ቀርቶ ከሆነ ለንባብ ብቻ ሊከፈት ይችላል፤ ለመቅዳት እሱም ይበቃል። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው ግን ችግሩ ሌላ ነው። ያን ጊዜ ዋና ዋናውን ቅዱና ማሽኑን አጥፉት፤ ጥገና አትሞክሩ።

እዚህ ላይ ለአማርኛ ጸሐፊ ብቻ የሚሆን ምክር አለን። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ቢገባም፣ በድሮዎቹ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ዶክመንት ዛሬም በየላፕቶፑ ሞልቷል። እነዚያ ጽሑፎች ያለ ፎንታቸው ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና ምልክት የተቀላቀለበት ዝባዝንኬ ናቸው። ዶክመንቱን ብቻ ቀድተው ማሽኑን ፎርማት ያስደረጉ ሰዎች «ፋይሌ ተበላሸ» የሚሉት በዚህ የተነሳ ነው። ስለዚህ ከዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ፎንትስ የሚለውንም አብራችሁ ቅዱ።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። ላይቭ ሲስተሙ ፋይሎቻችሁን ሲከፍት የዊንዶውሱን የይለፍ ቃል አይጠይቃችሁም። እናንተን ካልጠየቀ ሌላውንም አይጠይቅም። አንዳንዶቻችን ለምን እንደተሰደድን በዝርዝር የጻፍንበትን ላፕቶፕ ሦስት ቀን የማናውቀው ሱቅ ውስጥ ማሳደር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ቢቻል ፉንዲው አጠገብ ተቀምጦ ማሠራት ይሻላል። ቢትሎከር የተቆለፈበት ማሽን ከዚህ ይጠበቃል፤ ግን ባለ 48 አኃዙ የመክፈቻ ቁጥር ከሌላችሁ እናንተም አትገቡም። ቁጥሩን ዛሬውኑ፣ ማሽኑ ደህና ሳለ፣ በወረቀት ጽፋችሁ አስቀምጡት።

ፋይሉ ከወጣ በኋላ ጥገናው ቀላል ነው። ትእዛዞቹ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ እኛ እዚህ አጠራራቸውን ነው የምናስቀምጠው። በተርሚናሉ ላይ «ኤልኤስቢኤልኬ» ብትሉ የዲስኩን ክፍሎች ከነስፋታቸው ይዘረዝራል። ሊኑክሱ ያለበትን ክፍል «ማውንት» በሚለው ትእዛዝ «ኤምኤንቲ» ፎልደር ላይ ትሰቅሉታላችሁ፤ ማሽኑ ዩኢኤፍአይ ከሆነ ያንን ትንሹን ፓርቲሽንም እዚያው ውስጥ፣ ቡት ከሚለው ሥር ኢኤፍአይ በሚለው ቦታ። ከዚያ «ዴቭ»፣ «ፕሮክ» እና «ሲስ» የሚባሉት ሦስቱ ከላይቭ ሲስተሙ ይታሰራሉ። «ሲኤችሩት» የሚለው ትእዛዝ ደግሞ በፍላሹ ተነስተን ሳለ ዲስኩ ላይ ባለው ሲስተም ውስጥ ገብተን እንደ ቤተኛ እንድንሠራ ያደርገናል። ውስጥ ከገባችሁ በኋላ «ግረብ-ኢንስቶል»፣ ቀጥሎ «አፕዴት-ግረብ»። በባዮስ ማሽን ግረብ-ኢንስቶል የሚታዘዘው በጠቅላላው ዲስክ ላይ ነው፤ «ኤስዲኤ» ተብሎ እንጂ «ኤስዲኤ1» ተብሎ አይደለም። ፍላሹም የሚነሳው ማሽኑ በተጫነበት ሁኔታ መሆን አለበት። በማስነሻ ዝርዝሩ ላይ ፍላሹ ሁለቴ ከታየ፣ አንዱ ዩኢኤፍአይ የሚል ቃል ይኖረዋል፤ ዩኢኤፍአይ ለሆነ ማሽን እሱን ነው የምትመርጡት። ተርሚናል የሚያስፈራው ሰው ቡት-ሪፔር የሚባለውን ፕሮግራም ከላይቩ ላይ አውርዶ በአንድ ቁልፍ ማሠራት ይችላል፤ ኢንተርኔት ይፈልጋል እንጂ ጥሩ ነው።

ሁሉም ብልሽት ግን ግረብን በመመለስ አይድንም። በቅርቡ አንድ የኢስሊ ወንድማችን ቦታ ለማስፋት ብሎ በዊንዶውስ ውስጥ ሆኖ የሊኑክሱን ፓርቲሽን ሰረዘው። በማግስቱ ማሽኑ «ግረብ ሬስኪው» ብሎ ቆመ። አንድ ሱቅ «ሃርድ ዲስክህ ተቃጥሏል፣ አዲስ ግዛ» አለው። ዲስኩ ምንም አልነበረም፤ ግረብ የሚያነበው የራሱ ፋይል አብሮ ስለተሰረዘ ነው ግራ የተጋባው። ለእንዲህ ዓይነቱ መልሱ የዊንዶውሱን አስነሺ ወደ ቦታው መመለስ ነው። ከዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ተነስቶ፣ ጥገና ከሚለው ገብቶ፣ በባዮስ ማሽን «ቡትሬክ» ከ«ፊክስኤምቢአር» ጋር፤ በዩኢኤፍአይ ማሽን ከሆነ ኤፍ12 ተጭኖ «ዊንዶውስ ቡት ማኔጀር» የሚለውን መምረጥ ብቻ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ወንድማችን ያደረገው ይህንኑ የመጨረሻውን ነው፤ አንድ ሳንቲም አላወጣም።

በ2024ቱ አፕዴት የተያዘ ማሽን ያለው ሰው ደግሞ ሴኪዩር ቡትን ለጊዜው አጥፍቶ ሊኑክሱን ያስነሳል፤ «ሞክዩቲል» በሚባለው ትእዛዝ ኤስባት የሚባለውን የጥበቃ ዝርዝር ይሰርዛል፤ አንዴ አጥፍቶ ካስነሳ በኋላ ሴኪዩር ቡትን መልሶ ያበራዋል። ቢትሎከር ያለበት ሰው ግን ይህን ከመንካቱ በፊት ያንን ባለ 48 አኃዝ ቁጥር እጁ ላይ ይያዝ፤ ዊንዶውሱ ሊጠይቀው ይችላል።

ሥራው ሲያልቅ «ኤግዚት» ብላችሁ ከሲኤችሩቱ ውጡ፤ ማሽኑን በሥርዓት ዝጉ፤ ፍላሹን ንቀሉ። ካልነቀላችሁት ተመልሶ ላይቩ ሊነሳ ይችላልና «አሁንም አልሠራም» ብላችሁ እንዳትደናገጡ። ነቅላችሁ ስታበሩት ያ ሁለት ስም ያለበት ዝርዝር ይመጣል፤ በቀስቱ መርጣችሁ ኢንተር ነው።