ሲናር፦ በዱርና በአውድማ መካከል ያለ ሣር

የዱር ሣር እንዴት እህል ሆነ ሲባል ብዙዎች ፍሬው እየተለቀ መሄዱን ብቻ ያስባሉ፤ ሆኖም በኢትዮጵያ ምድር የተላመደው ጤፍ አንድ ሺህ ፍሬው 0.3 ግራም ገደማ ብቻ የሚመዝን በመሆኑ ይህን አስተሳሰብ ያፈርሰዋል። እህልን ከሣር የሚለየው ዋናው ጠባይ ፍሬው በበሰለ ጊዜ አለመርገፉ ነው። የዱር ገብስ ዛላ ሲደርቅ ፍሬዎቹን የያዘው መካከለኛ ዘንግ በየመገጣጠሚያው ይሰበርና ዘሩ ይበተናል፤ ከ10,000 ዓመታት ገደማ በፊት በምዕራብ እስያ የነበሩ አጫጆች ሳያውቁት ዘንጋቸው የማይሰበረውን ጥቂት ተክሎች አብዝተው ይሰበስቡ፣ ለከርሞም መልሰው ይዘሩ ስለነበር፣ የማይረግፈው ዘር ቀስ በቀስ ማሳውን ወረሰ።

በሆሳዕናና በዱራሜ ዙሪያ የሚኖር ገበሬ ሁለት ዓይነት የማላመድ ታሪክ ጎን ለጎን ይዟል፤ በጓሮው ያለው እንሰት ከአሚቾው በሚወጣ ችግኝ ስለሚራባ የዘር መርገፍ አያሳስበውም፣ ከጓሮው ወዲያ ያሉት ስንዴና ገብስ ግን ህልውናቸው በዚሁ ያለመርገፍ ጠባይ ላይ የቆመ ነው።

ይህን ከሣር ወደ እህል የመለወጥ ታሪክ ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው በኢትዮጵያ ደጋ ገብስ መካከል የሚበቅለው ሲናር ነው። በሳይንሳዊ ስሙ አቬና አቢሲኒካ የሚባለው ይህ የአጃ ዘመድ በአብዛኛው ማንም ለብቻው አይዘራውም፤ ሆኖም እንደ ዱር ዘመዶቹ ፍሬውን አያራግፍም፣ ከገብሱ ጋር ይታጨዳል፣ አብሮ ይወቃል፣ ከገብሱም ጋር ተፈጭቶ ለእንጀራ፣ ተደባልቆም ለጠላ ይውላል። እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን የጎበኘው ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ አንዳንድ እህሎች በቀደምት እህሎች ማሳ ውስጥ እንደ አረም ገብተው ኋላ እህል እንደሆኑ ያስተምር ነበር፤ ሲናርም በዚሁ መንገድ ላይ ያለ ተክል ነው።

ስለዚህ ሲናርን እንክርዳድ እያሉ መጥራት ሊታረም የሚገባው ግዴለሽነት ነው፤ እንክርዳድ ሌላ ሣር ሲሆን ፍሬው በውስጡ በሚኖር ፈንገስ ምክንያት በሊታውን ሊያሰክርና ሊመርዝ ይችላል፣ ሲናር ግን ምግብ ነው። ራሱን መዝራት የተወ ተክል በመሆኑም የገበሬው እጅ ያስፈልገዋል፤ ድብልቁ የገብስ ዘር በተበጠረ ምርጥ ዘር በተተካ ቁጥር ሲናር ወደ ማሳ የሚመለስበት መንገድ እየጠበበ ይሄዳል።