የካዋል ሽታ እና የአሲዱ ጫፍ

ካዋል የበላ ሰው እጁን ደጋግሞ ቢታጠብም ሽታው ከጣቱ ቶሎ አይለቅም። ምግቡ ከምዕራብ ሱዳን፣ ከዳርፉርና ከኮርዶፋን ወገን የመጣ ነው። በዝናብ ወቅት በየሜዳው የሚበቅል አንድ አረም አለ፤ ለጋ ቅጠሉ ይወቀጥና በእንስራ ይጠቀጠቃል፣ እንስራውም እስከ አንገቱ መሬት ውስጥ ይቀበራል። በየሦስት ቀኑ ገደማ እየተከፈተ ይታሻል። ሁለት ሳምንት ያህል ሲሆነው ተድቦልቡሎ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሥጋ በሌለበት ቤት የወጡ ጉልበት እሱ ነው። ደህና ኑሮ ያለው የካርቱም ሰው ግን ሽታውን ሰበብ አድርጎ ሲጠየፈው ኖሯል።

ይህን የተናቀ ምግብ በወጉ ካጠኑት አንዱ የካርቱም ዩኒቨርሲቲው የማይክሮባዮሎጂ ምሁር ሐሚድ ዲራር ናቸው። በ1984 እ.ኤ.አ. ስለ ካዋል ጽፈዋል፤ በ1993 ደግሞ የሱዳንን አገር በቀል የእርሾ ምግቦች አንድ በአንድ የሚዘረዝር ዳጎስ ያለ መጽሐፍ አሳትመዋል። በእኔ ግምት በአካባቢያችን ስለ ምግብ ከተጻፉት የሳይንስ መጻሕፍት እሱን የሚስተካከል ጥቂት ነው።

ሽታውን የሚያመጣው ቅጠሉ ሳይሆን ቅጠሉን የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። ከሚሠሯቸው ነገሮች አንዱ ቡቲሪክ አሲድ ነው። ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ለጋ ቅቤ ሰንብቶ ሲበስል የሚያመጣው ሽታ ውስጥ አለበት። አሠራሩ ቀላል ነው። አራት የካርቦን አቶሞች ተቀጣጥለዋል፤ የመጨረሻው ካርቦን ላይ አንድ ኦክስጅን በድርብ ትስስር፣ ሌላ ኦክስጅን ደግሞ ሃይድሮጅን አዝሎ በነጠላ ትስስር ተቀምጠዋል። ይህ ጫፍ ካርቦክሲል ይባላል፤ ጫፉን የያዘ ሁሉ ካርቦክሲሊክ አሲድ ነው። ኬሚስቶች እንዲህ ያለውን የሞለኪውል ክፍል ፈንክሽናል ግሩፕ ይሉታል። በመጥረቢያ ላይ የሚቆርጠው ምላሱ ነው፤ ዛቢያው ቢረዝም ቢያጥር አያያዙን ይለውጥ እንደሆነ እንጂ መጥረቢያነቱን አይለውጠውም።

ጫፉ የሚሠራው ሥራ ሃይድሮጅኑን መልቀቅ ነው። አልኮልም በጫፉ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን አለው፤ ታዲያ አረቄ ለምን አይኮመጥጥም? ሃይድሮጅኑ ሲሄድ ኤሌክትሮኑን ትቶ ስለሚሄድ የቀረው ክፍል አሉታዊ ሙላት ይሸከማል። በአልኮል ይህን ሸክም አንድ ኦክስጅን ብቻውን መያዝ አለበት፤ ስለዚህ ሃይድሮጅኑን አጥብቆ ይይዛል። በካርቦክሲል ግን ሁለቱ ኦክስጅኖች እኩል ይካፈሉታል፤ መልቀቁ ይቀላል።

ዛቢያውም ቢሆን ጨርሶ ከንቱ አይደለም። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት በፊት በካርቱም ዴም ሰፈር ይኖር የነበረ ሐበሻ ሁሉ ኪስራን ያውቃል። የማሽላ ሊጥ ካለፈው በተረፈ እርሾ ያድራል፤ ከዚያ ዶካ በሚሉት ምጣድ ላይ በዘንባባ ቅጠል ቁራጭ እንደ ወረቀት ስስ ተደርጎ ይሳባል። የእንጀራ ዘመድ ነው፤ ዓይን ግን የለውም። በሁለቱም ሊጥ ውስጥ ላክቲክ አሲድ አለ፤ አሴቲክ አሲድም፣ ማለትም የአቼቶው አሲድ፣ በመጠኑ ይገኛል። ጫፋቸው አንድ ሆኖ ሳለ ላክቲኩ በጥንካሬ 8 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ምክንያቱ ከካርቦክሲሉ አጠገብ ባለው ካርቦን ላይ የተቀመጠ ሌላ ኦክስጅን ነው፤ ኤሌክትሮን ወደ ራሱ እየሳበ ያንን ሸክም ያቀልለታል።

ወደ ሽታው ልመለስ፤ የሚገርመው እዚያ ነው። ቡቲሪክ አሲድ ከአልኮል ጋር፣ ትንሽ ጠንካራ አሲድ ታክሎበት ሲሞቅ፣ ውኃ ይወጣና ጫፉ ኤስተር ወደሚባል ሌላ ግሩፕ ይለወጣል። አራቱ ካርቦኖች እዚያው ናቸው፤ ሽታው ግን አናናስ አናናስ ይላል። ከረሜላ ፋብሪካዎች ይጠቀሙበታል። አሁን ደግሞ አሲዱ ላይ ሶዳ ይጨመር። ሃይድሮጅኑ ሄዶ ሶዲየም ይተካል፤ ጨው ሆነ ማለት ነው። ጨው ተንኖ አፍንጫ ስለማይደርስ ሽታው በእጅጉ ይቀንሳል። ርዝመትም የራሱ ድርሻ አለው፦ 18 ካርቦን ያለው ስቴሪክ አሲድ ከባድ ስለሆነ አይተንም፤ ሰም የመሰለ፣ ሽታው እምብዛም የማይታወቅ ጠጣር ነው።

ይህን ጫፍ ማወቂያ ዘዴ ማድ ቤት ውስጥ አለ። ሱዳኖች አራዴብ የሚሉትን ታማሪንድ በውኃ ዘፍዝፈው ይጠጡታል። ኮምጣጣነቱ በዋናነት የታርታሪክ አሲድ ነው፤ አንዱ ሞለኪውል ሁለት ካርቦክሲል ይዟል። በብርጭቆው ላይ ግማሽ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጣል ሲደረግ ቡናማው መጠጥ እየተንሿሿ አረፋ ይደፍቃል፣ ይገነፍላልም፤ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አረቄ ላይ ቢደረግ ምንም የለም። የትምህርት ቤት ላቦራቶሪም ካርቦክሲሊክ አሲድን ከአልኮል የሚለየው በዚሁ ነው።

ከሱዳን ካርቦክሲሎች ሁሉ ዓለምን ያዳረሰው ግን አይሸትም፣ አይኮመጥጥምም። ሃሻብ ከሚሉት ግራር የሚለቀመው ሙጫ ረጅም የስኳር ሰንሰለት ነው፤ በየመካከሉ ጫፋቸው ወደ ካርቦክሲል የተለወጠ ስኳሮች ገብተውበታል። አብዛኞቹ ጫፎች ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ፖታሲየም ይዘው የጨው መልክ አላቸው። ሙጫው ውኃ ውስጥ ሲሟሟ እነዚህ ተለያይተው ሰንሰለቱ አሉታዊ ሙላት ይዞ ይቀራል። ሙላቱም ሙጫው ውስጥ ካለው ጥቂት ፕሮቲን ጋር ሆኖ የዘይት ጠብታዎች ተያይዘው እንዳይንሳፈፉ ያደርጋል፤ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ የብርቱካን መዓዛ ያለው ዘይት ላይ የማይሰፍረው በዚህ ነው። አሜሪካ በ1997 እ.ኤ.አ. በሱዳን ላይ የንግድ ማዕቀብ ስትጥል የመጠጥና የከረሜላ አምራቾቿ ሌላ ምንጭ ማግኘት ስለከበዳቸው ይህ ሙጫ ተለይቶ እንዲያልፍ ተደርጓል።