የፔሳህ የቡና ቁርስ፦ ዱቄት የማይገባበት የኖርዌይ የለውዝ ኬክ

ፔሳህ ሲቃረብ ከቤታችን መጀመሪያ የሚወጣው ዳቦው ነው። አምባሻውም ዳቦ ቆሎውም ተከትለው ይወጣሉ። ቂጣው አለ፣ ማጻው አለ፣ ሥጋው አለ። ግን ልጆችና የልጅ ልጆች ከየአገሩ ተሰብስበው፣ ቡናው ተቆልቶ፣ ጀበናው ሲቀርብ የቡና ቁርሱ ምን ይሁን? ብዙ ቤት መልሱ ከሱፐር የተገዛ ደረቅ ኬክ ሆኗል። ዋጋው ውድ ነው፣ ከውስጡ ያለውን አናውቀውም፤ በዚያ ላይ የእናቶች እጅ አላረፈበትም። ልጆቹም በዓል ማለት ከሱቅ በካርቶን የሚመጣ ነገር እየመሰላቸው ነው።

ለዚህ ጥያቄ አንድ ጥሩ መልስ ያለው ከሩቅ አገር፣ ከኖርዌይ ነው። ኖርዌዮች ለትልቅ ቀን የሚጋግሩት ክራንሰካከ የሚባል ኬክ አላቸው፤ ትርጉሙ የአክሊል ኬክ ማለት ነው። ክብ ክብ ቀለበቶች ለየብቻ ይጋገሩና ከትልቁ ወደ ትንሹ እየተደራረቡ እንደ መሶብ ክዳን ሹል ሆነው ይቆማሉ። የተለመደው ኬክ 18 ቀለበት አለው። በሠርግ፣ በገና፣ በአዲስ ዓመት፣ ደግሞም የ1814ቱን ሕገ መንግሥታቸውን በሚያስቡበት በግንቦት ወር በ17ኛው ቀን (በፈረንጅ አቆጣጠር) ጠረጴዛው ላይ ይቀርባል።

እኛን የሚመለከተን ግን ውስጡ ነው። የሚገባበት ነገር ሦስት ብቻ ነው፦ የተፈጨ ለውዝ፣ የላመ ስኳርና የእንቁላል ነጭ። የስንዴ ዱቄት የለውም። እርሾ የለውም። ወተትና ቅቤም የለውም፤ ስለዚህ ፓርቬ ነው፣ ከሥጋ በኋላም ይበላል። ኖርዌዮች ይህን ያደረጉት ለፔሳህ ብለው አይደለም፤ የኬኩ ተፈጥሮ እንዲያው እንደዚህ ሆኖ ነው።

ለውዝ ስንል የትኛው ነው?

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። በአገር ቤት ብዙ ሰው ለውዝ የሚለው ኦቾሎኒውን ነው፤ እዚህ ቦትኒም የሚባለውን ማለት ነው። ለዚህ ኬክ የሚያስፈልገው እሱ ሳይሆን ሽቄዲም ነው፤ በመጽሐፍ ለውዝ ተብሎ የተጻፈው። ሹክ ገብተው ሲጠይቁ «ሽቄዲም» ይበሉ።

ይህ ፍሬ ለአባቶቻችን እንግዳ አይደለም። ያዕቆብ ልጆቹን ወደ ግብፅ መልሶ ሲልክ ካስያዛቸው ስጦታ አንዱ ለውዝ ነበር። የአሮን በትር አብባ ያፈራችው ለውዝ ነው። የመኖራዋ ጽዋዎችም በለውዝ አበባ አምሳል እንዲሠሩ ታዟል። እዚህ አገር ደግሞ ክረምቱ ሳይወጣ፣ በቱ ቢሽቫት ሰሞን፣ ከሌላው ዛፍ ቀድሞ ነጭና ሮዝ አበባ የሚያወጣው እሱ ነው።

የቤር ሼቫ ጎረቤቶቻችንም ያውቁታል። ከሞሮኮ የመጡት ቤተሰቦች ፔሳህ በወጣ ማታ፣ በሚሙና፣ ከሚያቀርቡት ጣፋጭ መካከል ከለውዝና ከስኳር የሚሠራው ማርጺፓን ይገኝበታል። የሞሮኮዋ አያት ማርጺፓን ስታቀርብ የኛዋ እናት በለውዝ ቀለበት ብትመልስላት ምን ይላታል?

አሠራሩ

ሙሉውን 18 ቀለበት መሥራት ለአንድ ቤት ይበዛል። ከዚህ በታች ያለው ለ10 ቀለበት የሚበቃ ነው። የሚያስፈልገው፦ 250 ግራም ለውዝ፣ 250 ግራም የላመ ስኳር (አቭካት ሱካር የሚባለው) እና የ2 እንቁላል ነጭ።

ለውዙ ከነልጣጩ ከሆነ የፈላ ውኃ ያፍስሱበትና አንድ ሁለት ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ በጣት ሲጫኑት ልጣጩ ተንሸራቶ ይወጣል። በንጹህ ጨርቅ አድርቀው፣ አየር ላይ አቆይተው ይፍጩት። ማሽኑን እያቆሙ እያስነሡ ይፍጩ፤ ብዙ ከዞረ ለውዙ ዘይቱን ያወጣና ይለጥፋል። በወንፊት ነፍተው የቀረውን ሻካራ ድገሙት። የተፈጨ ለውዝ ሱፐርም ተዘጋጅቶ ይሸጣል፤ በእርግጥ ለዋጋው ቤት መፍጨት ይሻላል።

እንቁላሎቹን አንድ በአንድ በብርጭቆ ሰብረው ደም አለመኖሩን አይተው ነጩን ይለዩ። ለውዙንና ስኳሩን ቀላቅለው ነጩን ጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ያሹት። ሊጡ ጠንከር ያለ፣ እጅ ላይ የማይለጥፍ መሆን አለበት። ሸፍነው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያሳድሩት።

በማግሥቱ የሚሠራውን የኛ እናቶች እጅ ያውቀዋል፤ ልክ እንደ ዳቦ ቆሎ ሊጥ ነው። በመዳፍ እያንከባለሉ የጣት ውፍረት ያለው ገመድ ያድርጉት። የመጀመሪያው ገመድ 12 ሴንቲ ሜትር፣ ቀጣዩ 15፣ ቀጥሎ 18፣ እንዲህ ሦስት ሦስት እየጨመሩ 10ኛው 39 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የእያንዳንዱን ጫፍና ጫፍ አገናኝተው ክብ ያድርጉት። ኖርዌዮች ለዚህ የሚሆን የቀለበት ቅርጽ ያለው መጋገሪያ አላቸው፤ የሌለው ሰው ግን በመጋገሪያ ወረቀት ላይ በእጁ ይሠራዋል። የተረፈ ሊጥ ካለ እንደ ጣት ቆርጠው አብረው ይጋግሩት።

ታኑሩን 200 ዲግሪ ያሙቁና ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይጋግሩ። ዳር ዳሩ ወርቅማ ሲሆን ያውጡት፤ ትንንሾቹ ቀድመው ስለሚደርሱ ዓይን ከነሱ አይለይ። ውስጡ ለስለስ ብሎ መቅረት አለበት። ትኩሱን እንዳይነኩት፣ ይሰበራል፤ ሲበርድ ይጠነክራል። ከዚያ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የላመ ስኳር በጥቂት ጠብታ ሎሚ ለውሰው እንደ ማጣበቂያ እየቀቡ ከትልቁ ጀምሮ ይደርድሩት። ኖርዌዮቹ ለዚህ ጥሬ የእንቁላል ነጭ ይጠቀማሉ፤ ለሽማግሌና ለሕፃን ግን ጥሬ እንቁላል ስለማይመከር ሎሚው ይሻላል። ኬኩ በተዘጋ ዕቃ ቀናት ይቆያል፤ ፍሪዘር ገብቶ ሲወጣ ደግሞ ይበልጥ ይለሰልሳል።

ሐሜጽ እንዳይገባ

የኖርዌዩን አሠራር እንዳለ የተከተለ ሰው ሁለት ቦታ ላይ ይሳሳታል። አንደኛው፦ እነሱ ሊጡ መጋገሪያው ላይ እንዳይጣበቅ ሰሞሊና ይነሰንሱበታል። ሰሞሊና ስንዴ ነው፤ ለኛ ሐሜጽ ነው። በሱ ፈንታ ወረቀቱ ወይም ራሱ የተፈጨው ለውዝ ይበቃል። ሁለተኛው፦ የላመ ስኳር እንዳይጓጉል ብዙ ጊዜ የበቆሎ ስታርች ይገባበታል። ቤቱ ኪትኒዮት የማይበላ ከሆነ፣ ወይም ከአሽኬናዚ የተጋባ ልጅ የሚመጣ ከሆነ፣ በድንች ስታርች የተሠራውን ይፈልጉ። ማሸጊያው ላይ «ካሸር ለፔሳህ» መባሉን ዕብራይስጥ የሚያነበው የልጅ ልጅ ያንብብልን። ጥያቄ ያለው ቄሱን ወይም ረቢውን ይጠይቅ። ታኑሩም፣ ወንፊቱም፣ መፍጫውም ለፔሳህ የተዘጋጀ መሆኑ አይረሳ።

ስለ ጤናችን

እዚህ ላይ በግልጽ እንነጋገር። የዚህ ኬክ ግማሹ ስኳር ነው። ከኢትዮጵያ በመጣነው ሰዎች ላይ እዚህ ከኖርን በኋላ የስኳር በሽታ እንደበዛ የእስራኤል ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት ሲናገሩ ቆይተዋል። በመካከላችን መርፌ የሚወጋ፣ ኪኒን የሚውጥ ስንቱ ነው!

ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ 250 ግራም ስኳር ለ10 ቀለበት ሲከፈል በአማካይ ለአንዱ 25 ግራም ይደርሰዋል። ይህም ስድስት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር ነው። ስኳሩ ሊጡን የሚይዘው እሱ ስለሆነ በብዙ አይቀነስም። የሚቀነሰው መጠኑ ነው። ቀለበቱ በጣት ስለሚቆረስ አንድ ሩብ ቀለበት ወስዶ ቡናውን ያለ ስኳር መጠጣት ይቻላል። እሱንም ቢሆን ስኳር ያለበት ሰው የኩፓት ሆሊሙን ሐኪም ወይም ነርስ አማክሮ ይሁን። «በዓል ነው፣ ዛሬ ምን አለበት» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ሆስፒታል አስገብቷል።

ሌላው፦ በመንገድ ዳር ወይም በዱር ከበቀለ ዛፍ ለውዝ ለቅመው አይጠቀሙ። መራራው ለውዝ ሳይበስል ሲበላ በሰውነት ውስጥ ሳያናይድ የሚባል ብርቱ መርዝ ያወጣል፤ ለሕፃን ጥቂት ፍሬም አደጋ ነው። የምንገዛው ጣፋጩን ነው። ለውዝ የማይስማማው ልጅ እንዳለም እናቱን አስቀድመው ይጠይቁ።

እጅ ከእጅ

በአገር ቤት የሰንበት ዳቦ ሲጋገር ልጅ አጠገብ ቁጭ ብላ እያየች ነው የተማረችው። የጻፈላት አልነበረም። እዚህ ግን አያትየዋ አማርኛ ትናገራለች፣ ልጁ በዕብራይስጥ ይመልሳል፤ ከሁለትና ሦስት ቃል በኋላ ወሬው ያልቃል። ሊጥ ሲንከባለል ግን ብዙ ቃል አይፈልግም። ልጁ በማስመሪያ ገመዱን ይለካል፣ አያትየዋ ክቡን ትገጥማለች። እግረ መንገዱን «ሊጥ»፣ «ወንፊት»፣ «ቀለበት» የሚለውን ቃል ከአፏ ይይዛል። ስለ ድሮው ፋሲካ፣ አሮጌው ሸክላ ስለመሰበሩ፣ ቂጣው በጥድፊያ ስለመጋገሩም ያኔ ይጠይቃል።

ስለዚህ ዘንድሮ ከበዓሉ በፊት ባለው ሳምንት አንድ የልጅ ልጅ ጠርታችሁ ሊጡን ማታ አሳድሩ፣ በማግሥቱ አብራችሁ ጋግሩ። ፔሳህ ሲወጣ ደግሞ ዳቦውን አስተምሩት፤ እሱን የሚያስተምር ኖርዌያዊ የለም።

መልካም በዓል!