«ስፕሊት» የሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ

የምንማርባቸው መጻሕፍት አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ስለ ሆኑ፣ አንድን ግሥ አጣርቶ አለማወቅ የምዕራፉን አሳብ እስከ ማሳት ይደርሳል። ከእንዲህ ያሉት ግሦች አንዱ «ስፕሊት» ነው። ብዙዎቻችን «ሰነጠቀ» ብለን ይዘነዋል። ይህ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ብቻውን አይበቃም።

ግሡ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ16ኛው መቶ ዓመት ከሆላንዶች ቋንቋ ነው። በመጀመሪያም የሚነገረው ዐለት ወይም ማዕበል መርከብን ሲሰነጥቅ ነበር።

ከ«ብሬክ» የሚለየው እንዲህ ነው። እንጨትን በርዝመቱ ብንፈልጠው «ስፕሊት» ይባላል፤ በወርዱ ብንሰብረው ግን «ብሬክ» ነው። ስለዚህ «ስፕሊት» ተከትሎት የሚሄድ መሥመር አለው፤ ወይም ክፍሎቹ ተለይተው ይታወቃሉ።

አማርኛችን በዚህ ረገድ ሀብታም ነው። የተከፈለው ነገር እንጨት ሲሆን ፈለጠ፣ አተር ሲሆን ከካ፣ ስፌት ሲሆን ተተረተረ፣ የምግብ ሒሳብ ሲሆን ተካፈለ፣ ማኅበር ሲሆን ለሁለት ተከፈለ እንላለን። «አፕ» ሲጨመርበትና ስለ ባልና ሚስት ሲነገር ደግሞ ተለያዩ ማለት ነው።

አደጋው የሚመጣው አንዱን ትርጉም በሁሉ ቦታ ስናስገባ ነው። ስለ ምርጫ የሚያጠና ተማሪ «ድምፁ ተሰነጠቀ» ብሎ ቢተረጕም፣ አንባቢው ጉንፋን የያዘውን ዘፋኝ ያስባል። አሳቡ ግን ተቀራራቢ ዓላማ ያላቸው ሁለት እጩዎች ደጋፊዎቻቸውን ተሻምተው ሦስተኛው አሸነፈ ማለት ነው። እንዲሁም ኮክክሮፍትና ዋልተን እ.ኤ.አ. በ1932 አቶምን «ስፕሊት» አደረጉ ሲባል፣ የሊቲየም አስኳል በፕሮቶን ተመትቶ ሁለት የሂሊየም አስኳሎች ሆነ ማለት እንጂ በመጥረቢያ እንደ ተፈለጠ ግንድ አይደለም።

በሰዋስው ረገድ ሁለት ነገር እናስታውስ። አንደኛ፣ ግሡ በኀላፊ ጊዜም አይለወጥም፤ «ስፕሊትድ» ማለት አይገባም። ሁለተኛ፣ ሰነጠቀም ተሰነጠቀም በእንግሊዝኛ በዚሁ በአንዱ ቃል ሊነገሩ ስለሚችሉ፣ ሠሪውን ከዐረፍተ ነገሩ መፈለግ የእኛ ፋንታ ነው።

ይህ ሁሉ ፀጉር ስንጠቃ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። እንግሊዞችም ይህንኑ ነቀፋ የሚናገሩት በዚሁ ግሥ ነው! ነገር ግን ከመተርጐማችን በፊት «የተከፈለው ምንድን ነው?» ብለን ብንጠይቅ፣ ትክክለኛውን ቃል ገና ከልጅነታችን የምናውቀው ሆኖ እናገኘዋለን።