ኮምፒውተሩም የይለፍ ቃልዎን አያውቀውም

ላፕቶፑ ለወራት ተከድኖ ይቀመጣል። ትምህርት ሲከፈት ወይም አንድ ሰነድ በአስቸኳይ መላክ ሲያስፈልግ ይነሳል፤ የይለፍ ቃሉን ግን የሚያስታውስ የለም። አንዱ የልደት ቀን ይሞክራል፣ ሌላው የድሮ ስልክ ቁጥር፣ ሦስተኛው የበኩር ልጅ ስም። እምቢ ሲል ከቤተሰቡ አንድ ሰው «ኮምፒውተር ቤት ወስዳችሁ ፎርማት አስደርጉት» ይላል። በዚህ ምክር ምክንያት የሠርግ ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሟች ወላጅ ድምፅ የተቀዳበት ፋይል ሳይቀር ይጠፋል። ኮምፒውተሩ እርግጥ ይከፈታል፤ የሚከፈተው ግን ባዶውን ነው። ፎርማት ሌላው መንገድ ሁሉ ሲዘጋ የሚደረግ ነገር ነው። ከዚያ በፊት ስንት መንገድ እንዳለ ለመረዳት የይለፍ ቃሉን ስንጽፍ ኮምፒውተሩ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ማወቅ ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው ኮምፒውተሩ የይለፍ ቃሉን አንድ ስውር ቦታ ጽፎ ያስቀመጠው፣ ባለሙያም ከዚያ አውጥቶ የሚያነበው ይመስለዋል። በመጀመሪያው ዘመን ነገሩ እንዲያ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካው ኤምአይቲ ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ አንዱን ትልቅ ማሽን ብዙ ሰዎች እንዲጋሩት ሲያደርጉ፣ የአንዱን ሥራ ከሌላው ዓይን ለመጠበቅ ለእያንዳንዱ የይለፍ ቃል ሰጡ። ቃሎቹ ግን እንዳሉ በአንድ ፋይል ተጽፈው ይቀመጡ ነበር። በ1962 አለን ሼር የተባለ የዶክትሬት ተማሪ የተመደበለት የማሽን ሰዓት አልበቃ ሲለው ያ ፋይል እንዲታተምለት አዘዘ። ፋይሉ ታተመለት፤ የሁሉም ተጠቃሚ የይለፍ ቃል በእጁ ገባ።

ከዚያ ወዲህ አሠራሩ ተለውጧል። ዛሬ ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው ቃሉን ሳይሆን ቃሉ በሒሳብ ቀመር ተፈጭቶ የሚወጣውን ውጤት ነው፤ ባለሙያዎች ሃሽ ይሉታል። ከወፍጮ የወጣ በርበሬ ወደ ዛላው እንደማይመለስ፣ ከሃሹም ተነስቶ ወደ ቃሉ የሚመልስ ቀመር የለም። ዊንዶውስ ውስጥ ይህ ውጤት የሚቀመጠው ሳም በሚባል ፋይል ሲሆን፣ ቃሉ 4 ፊደል ቢሆን ወይም 40፣ ሃሹ ሁልጊዜ 16 ባይት ነው። እርስዎ ቃሉን በጻፉ ቁጥር ኮምፒውተሩ እንደገና ይፈጨውና አዲሱን ውጤት ካስቀመጠው ጋር ያስተያያል። ከተመሳሰሉ ያስገባዎታል። እንግዲህ የተረሳውን ቃል ከውስጡ አውጥቶ ሊነግርዎ አይችልም፤ እሱም አያውቀውምና። የቀረው ወይ ማስታወስ፣ ወይ አሮጌውን ሃሽ በአዲስ መተካት፣ ወይም በመግቢያው ሳያልፉ ፋይሎቹን ማውጣት ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ቃሉን በእርግጥ ረስተውት እንደሆነ ያጣሩ። እኛ ቤት ባሉ ኮምፒውተሮች ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ኪቦርድ አለ፣ የእንግሊዝኛና የአማርኛ። መግቢያው ላይ አማርኛው ተመርጦ ከሆነ፣ የሚጽፉት ሁሉ በነጠብጣብ ስለሚሸፈን ሌላ ፊደል እየገባ መሆኑ አይታይዎትም። በዊንዶውስ መግቢያ ገጽ ቀኝ ግርጌ የቋንቋው ምልክት አለ፤ የዊንዶውስን ቁልፍ ይዘው ስፔስን ሲጫኑ ይቀየራል። ከመጻፊያው ሳጥን ጎን ያለችውን የዓይን ምልክት ከነኩ የጻፉት ይገለጥልዎታል። ካፕስ ሎክ መብራት አለመብራቱንም ይዩ። ፈሳሽ ነክቶት አንድ ቁልፍ የማይሠራ ከሆነ በዚያው ግርጌ ካለው የተደራሽነት ምልክት የስክሪን ኪቦርድ ማውጣትና በማውዝ መጻፍ ይቻላል። በአዳዲሶቹ የዊንዶውስ 11 ኮምፒውተሮች 10 ጊዜ ከተሳሳቱ መግቢያው ለ10 ደቂቃ ይቆለፋል። ይህ ሊያስደነግጥዎ አይገባም፤ የጠፋ ነገር የለም፣ መጠበቅ ብቻ ነው።

ቃሉ በእርግጥ ከተረሳ ቀጣዩ ጥያቄ የአካውንቱ ዓይነት ነው። ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ሲዘጋጅ ኢሜይል ተጠይቆ ከነበረ አካውንቱ የማይክሮሶፍት ነው። የዚህ የይለፍ ቃል ዋናው ማኅደር ያለው በኩባንያው ሰርቨር ላይ ስለሆነ፣ በስልክዎ ኢንተርኔት ከፍተው ወደ ማይክሮሶፍት መግቢያ ገጽ ይሄዱና ቃሉን እንደረሱት ይገልጻሉ፤ ኮድ በኢሜይል ወይም በአጭር መልእክት ይላክልዎታል፤ አዲስ ቃል ያወጣሉ። ከዚያ ላፕቶፑን ኢንተርኔት ማገናኘት አይርሱ። ያልተገናኘ ኮምፒውተር መቀየሩን አልሰማምና የሚጠብቀው አሮጌውን ቃል ነው። ብዙ ሰው «ቀይሬውም እምቢ አለ» የሚለው በዚህ የተነሳ ነው።

የእኛ ሰው እዚህ ላይ የሚቸገረው በስልክ ቁጥሩ ነው። ኮዱ የሚላከው ከዓመታት በፊት ለተመዘገበ ሲም ሊሆን ይችላል፤ ሲሙ ጠፍቷል፣ ወይም ባለቤቱ አገር ቀይሯል። ላፕቶፑን ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የላከው ዘመድ በራሱ ኢሜይል አዘጋጅቶት ከሆነ ደግሞ ኮዱ የሚደርሰው ለእሱ ነው። ያን ጊዜ ቴክኒሻን ከመፈለግ በፊት ለላከው ሰው መደወል ነው። ሌላው ሁሉ ከተሳነ የማይክሮሶፍት የማንነት ማጣሪያ ቅጽ አለ። የድሮውን ስልክና ኢሜይል ሁሉ በአንድ ጊዜ በአዲስ ከተኩ ግን ኩባንያው 30 ቀን ያስጠብቃል። ጥበቃው የሚያሰለች ቢሆንም ተገቢ ነው፤ አካውንትዎን ሊነጥቅ የሚሞክር ሌባ ቢኖር እርስዎ ነቅተው ለማስቆም ጊዜ ያገኛሉ።

አካውንቱ የማይክሮሶፍት ካልሆነና እዚያው ኮምፒውተር ላይ ብቻ የተፈጠረ ከሆነ ሰርቨር የለም፣ ኮድም አይመጣም። በዚህ ጊዜ በቤት ውስጥ ሌላ አካውንት ያለው ሰው ይፈልጉ። የባለቤትዎ ወይም የልጅዎ አካውንት የአድሚን ሥልጣን ካለው በሱ ገብቶ ለእርስዎ አዲስ ቃል መስጠት ይቻላል። ሆኖም አንድ ዋጋ አለው፦ ቃሉ በሌላ ሰው ከተተካ በአሮጌው ቃል ተመስጥረው የተቀመጡ ነገሮች፣ ለምሳሌ ብሮውዘሩ የያዘልዎ የድረ ገጽ ፓስወርዶች፣ ሊጠፉ ይችላሉ። ፎቶና ጽሑፍዎ በተለይ ካልመሰጠሯቸው በቀር አይነኩም። ከ2018 ወዲህ ባለው ዊንዶውስ አካውንቱ ሲፈጠር ሦስት የምስጢር ጥያቄዎች ተመልሰው ከሆነ ደግሞ ከተሳሳቱ በኋላ ቃሉን የመቀየር ምርጫ ይመጣል። እዚህም ላይ ጊዜ ወስደው ያስቡ፤ የእናትዎን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል እንዴት ጽፈውት ነበር? ፀሐይን በ«ቲ» እና «ኤስ» ነው የጀመሩት ወይስ በ«ኤስ» ብቻ? መጨረሻዋስ «ዋይ» ነው «አይ»? ሁሉንም አጻጻፍ በወረቀት ዘርዝረው አንድ በአንድ ይሞክሩ።

የተረሳው ፒን ከሆነ ነገሩ ይቀላል። ፒን የሚሠራው በዚያ አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው፤ ዋናው የይለፍ ቃል ከታወቀ በመግቢያው ገጽ በቀላሉ ሌላ ማውጣት ይቻላል። አራት አሃዝ 10,000 ዓይነት ቁጥር ብቻ ስላለው ደካማ ይመስላል። ነገር ግን በአብዛኞቹ አዳዲስ ማሽኖች ፒኑን የሚጠብቀው ቲፒኤም የሚባል ራሱን የቻለ ቺፕ ነው። በዊንዶውስ አሠራር 32 ጊዜ ስሕተት ከተቆጠረ ቺፑ ይቆለፍና ከዚያ ወዲያ በየ10 ደቂቃው የሚፈቅደው አንድ ሙከራ ነው። አሥሩን ሺህ ሁሉ እሞክራለሁ የሚል ሌባ ሌት ተቀን ሳያርፍ ከሁለት ወር በላይ ይፈጅበታል።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንግባ። እስካሁን ያወራነው ስለ መግቢያው ነው። መግቢያው የሚጠብቀው ዊንዶውስ ሲነሳ ብቻ ነው፤ ዊንዶውስ ካልተነሳ ጥበቃውም የለም። ኮምፒውተሩን በፍላሽ ላይ በተጫነ ሌላ ሲስተም፣ ለምሳሌ በኡቡንቱ፣ ማስነሳት ይቻላል። ኡቡንቱ ሳይጫን መሞከሪያ አለው፤ በዚያ ሲነሳ የላፕቶፑ ዲስክ እንደ ተራ ሃርድ ዲስክ ይታያል፤ ሳይመሰጠር የቀረ ከሆነ ፎቶውም ሰነዱም ያለምንም የይለፍ ቃል ይነበባል፣ ወደ ኤክስተርናል ዲስክም ይገለበጣል። ጥሩ ቴክኒሻን ከፎርማት በፊት የሚያደርገው ይህንን ነው። የማያደርግ ከሆነ እርስዎ ይጠይቁት፤ «መጀመሪያ ፋይሎቹን አውጣልኝ፣ ቆጥረን እንረካከብ፣ ከዚያ ፎርማት አድርገው» ማለት መብትዎ ነው። ለእርስዎ የቀለለው ግን ላፕቶፑን ለሰረቀውም ሰው ቀላል ነው። የሰረቀው ሰው ዊንዶውስዎ ላይ ያለውን ቃል ለመስበር አይደክምም፣ ፍላሽ ሰክቶ ያነባል።

ምስጠራ የመጣው ይህንን ለመከላከል ነው። በዊንዶውስ ቢትሎከር፣ በማክ ፋይልቮልት ይባላል። ምስጠራው ሲበራ ዲስኩ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ቁልፉ ለሌለው ሰው ትርጉም የሌለው ቁጥር ይሆናል፤ ዲስኩ ተፈትቶ ሌላ ማሽን ላይ ቢገጠምም አይነበብም። ብዙ ባለቤቶች ይህ በኮምፒውተራቸው ላይ መብራቱን አያውቁም። በአዳዲስ ላፕቶፖች ላይ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገቡ ዊንዶውስ ራሱ ያበራዋል፤ ከ2024ቱ የዊንዶውስ 11 እትም ወዲህ ደግሞ የሚያበራባቸው ማሽኖች በጣም በዝተዋል። በሌላ ቀን ማዘርቦርዱ ሲቀየር ወይም የማስነሻው ቅንብር ሲነካ ሰማያዊ ገጽ ይመጣና የማገገሚያ ቁልፍ ይጠይቃል።

ቁልፉ 48 አሃዝ ነው፣ ስድስት ስድስት እየሆነ በስምንት ቡድን የተከፈለ። እያንዳንዱ ቡድን ለ11 ያለ ቀሪ እንዲካፈል ሆኖ ስለተሠራ አንዲት አሃዝ ቢሳሳቱ ኮምፒውተሩ እዚያው ቡድን ላይ ይነግርዎታል፤ እስከ መጨረሻው አይደክሙም። በግምት ማግኘት ግን የማይታሰብ ነው፤ ሊሆኑ የሚችሉት ቁልፎች ብዛት ሲጻፍ 39 አሃዝ ይወጣዋል። ምስጠራው በራሱ የበራ ከሆነ የቁልፉ ቅጂ በማይክሮሶፍት አካውንቱ ውስጥ ተቀምጧል፤ በስልክ ገብተው ከመሣሪያዎች ዝርዝር ሥር ያገኙታል። ሰማያዊው ገጽ ላይ የቁልፉ መለያ ይታያል፤ ብዙ ቁልፍ ካገኙ የትኛው የዚህ ማሽን እንደሆነ የሚያውቁት የመለያውን መጀመሪያ በማመሳከር ነው። የማክ ተጠቃሚም በአፕል አካውንቱ ወይም ፋይልቮልት ሲበራ በተሰጠው የማገገሚያ ቁልፍ ተመሳሳይ ዕድል አለው።

የይለፍ ቃሉም አካውንቱም የማገገሚያ ቁልፉም ሦስቱም ከሌሉ የተመሰጠረ ዲስክ አይከፈትም። ይህን እከፍታለሁ ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ካለ አይስጡት። ማይክሮሶፍት ራሱ ቁልፉን እንደገና ሊፈጥር አይችልም። ያን ጊዜ የሚቀረው ከማስነሻው ምርጫ ሁሉን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ነው፤ ማሽኑ ይተርፋል፣ በውስጡ የነበረው ግን አይተርፍም። ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰውም ሻጩ አካውንቱን አውጥቶ ዲስኩን እንዲያጸዳ፣ ገንዘብ ከመስጠቱ በፊት ዓይኑ እያየ ማስደረግ አለበት።

እኔ ምስጠራው ይብራ ባይ ነኝ። ላፕቶፕ በታክሲ ይረሳል፣ ከመኪና ይሰረቃል፤ የፓስፖርት ቅጂ፣ የባንክ ወረቀትና የልጆች ፎቶ ለማያውቁት ሰው ከሚጋለጥ ተመስጥሮ ቢቀር ይሻላል። ይህን የሚሉ ሰዎች ግን ሌላውን ግማሽ ሥራ ሳይናገሩ ማለፍ የለባቸውም። ኮምፒውተሩ በሰላም በሚከፈትበት ቀን የዊንዶውስን ቅንብር ከፍተው ስለ መሣሪያ ምስጠራ የሚለውን ይዩ። በርቶ ከሆነ 48ቱን አሃዝ በወረቀት ይገልብጡና ከቤት ካርታውና ከልደት ሰርተፊኬቱ ጋር ያስቀምጡ፤ በላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ ግን አይሁን። በአካውንትዎ ላይ የተመዘገበው ስልክ ዛሬ በእጅዎ ያለው መሆኑን ያረጋግጡ። ለሚያምኑት የቤተሰብ ሰው ሁለተኛ የአድሚን አካውንት ይክፈቱ። የማይተኩትን ፎቶዎች ሌላ ዲስክ ላይ ይገልብጡ። ሁሉም ተደምሮ የአንድ ምሽት ሥራ ነው፤ ላፕቶፕዎ ዛሬ የሚከፈት ከሆነ ዛሬውኑ ይሥሩት።