የቢሾፍቱን ገበያ ያቀዘቀዘው አዋጁ ነው ወይስ ፍርሃቱ?

በወረርሽኝ ጊዜ ኢኮኖሚን የሚጎዳው የመንግሥት ክልከላ ነው ወይስ ሰው ራሱ ፈርቶ መቅረቱ? ኮቪድ የጫረው ይህ ክርክር ዛሬም አልተቋጨም።

ቢሾፍቱ ብዙ ገቢ የምታገኘው ከእንግዳ ነው። በሆራ፣ በባቦጋያና በኩሪፍቱ ሐይቆች ዙሪያ ያሉ ሆቴሎች ከሰኞ እስከ ዓርብ በስብሰባና በሥልጠና፣ ቅዳሜና እሑድ በአዲስ አበባ ቤተሰቦችና በሠርግ ይኖራሉ። አንድ ሥልጠና ሲሰረዝ አዳራሹ ብቻ አይደለም ባዶ የሚቀረው፤ አስተናጋጇ ጉርሻዋን፣ አትክልት አቅራቢው ትእዛዙን፣ ባለባጃጁ ከመናኸሪያ የሚያመላልሰውን ሰልጣኝ ያጣል።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ስብሰባ ተከለከለ። ስለዚህ ሥልጠናውን ያስቀረው ክልከላው ነው ማለት ይቻላል። የኦሮሚያ ክልልም በዚያው ወር ከከተማ ከተማ የሚሄደውን የሕዝብ ትራንስፖርት አገደ። የቤት መኪና ያለው መዝናኛ ፈላጊ ግን ከሁሉ በላይ የቀረው ፈርቶ ነው። መጋቢት 30 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ሰውን ከቤት አትውጣ አላለም፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ቤት የሌለውና ለዕለት ጉርሱ የሚሮጥ ሕዝብ ባለበት አገር ሁሉን መዝጋት እንደማይቻል ተናግረው ነበር።

የአሜሪካ ኢኮኖሚስቶች ጉልስቢና ሲቨርሰን በሞባይል መረጃ ባደረጉት ጥናት የደንበኞች እንቅስቃሴ በ60 በመቶ ወርዶ፣ ክልከላው የሚያስረዳው 7 መቶኛ ነጥብ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። የዘጋችው ዴንማርክ የሸማቾቿ ወጪ 29 በመቶ፣ ያልዘጋችው ስዊድን 25 በመቶ ወረደ። እኛ ጋ እንዲህ ለይቶ መለካት ይከብዳል። ሰኔ 22 ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገድሎ የኦሮሚያ ከተሞች ሲናወጡ፣ ኢንተርኔትም ሲቋረጥ፣ ሁሉም ተደራረበ። የዚያ በጀት ዓመት የአገሪቱ ዕድገት ከ9 ወደ 6.1 በመቶ ወርዷል፤ ከዚህ ውስጥ የትኛው የቫይረሱ፣ የትኛው የክልከላው እንደሆነ ቁጥሩ አይናገርም።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ስዊድን ውስጥ ፈርቶ ቤቱ የዋለው አብዛኛው ሰው ደመወዙ አልቆመም፤ ሥራው የቆመበትም ድጎማ ነበረው። እዚህ የፈራው አንድ፣ የከሰረው ሌላ ነው። አዋጁ ቢያንስ ግዴታ ይዞ መጣ፦ ማስፈጸሚያ ደንቡ ተከራይ እንዳይባረር፣ ኪራይ እንዳይጨመር፣ ሠራተኛም እንዳይቀነስ ከለከለ። ፍርሃት ግን ማንንም አያስገድድም። ደንቡም ቢሆን ከለላ የሰጠው ለተከራይና ለተቀጣሪ ነበር፤ የሌላ ሰው ባጃጅ እየነዳ በየቀኑ ለባለንብረቱ ገቢ የሚያደርገው ወጣት አሠሪም ውልም የለውም።