ሐሳብን ለሥራ ማብቃት፤ ትምህርቱና ሙያው

ከገላባት እስከ ገዳሪፍ፣ ከመተማ እስከ ሁመራ የተዘረጋው ቆላ የሰሊጥ አገር ነው። ሰሊጡ ተራግፎ ጆንያው በሞላ ጊዜ የገበሬው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ዋጋው ስንት ገባ?» ቀድሞ መልሱ የሚገኘው ከገዢው አፍ ብቻ ነበር። ገዢውም በበኩሉ ጆንያውን ከፍቶ ካላየ አያምንም። በዚህ አለመተማመን ይበልጥ የሚጎዳው ላቡን ያፈሰሰው ነበር።

በገዳሪፍ የእህል ገበያ ገዢዎች በአደባባይ በጨረታ ሲወዳደሩ ኖረዋል። በአገራችን ደግሞ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራውን ጀመረ። የመጀመሪያዋ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት በኢትዮጵያ የእህል ንግድ ላይ ነው። ከጊዜ በኋላ ሰሊጥም በዚሁ ሥርዓት መሸጥ ጀመረ። ምርቱ በመጋዘን ተመዝኖ ደረጃ ይሰጠዋል፤ ባለንብረቱ ደረሰኝ ይቀበላል፤ ግብይቱ በምርት ገበያው ይፈጸማል፤ ክፍያው በማግሥቱ በባንክ ይገባል።

ልብ በሉ፤ ሚዛኑም፣ መጋዘኑም፣ ባንኩም ከዚያ በፊት ነበሩ። አዲሱ ነገር ሦስቱን ያስተሳሰራቸው ሥርዓት ነው። ኦስትሪያዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ዮሴፍ ሹምፔተር በ1911 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው እንዳስረዳው፣ አዲስ ዕቃ ብቻ ሳይሆን አዲስ አመራረት፣ አዲስ ገበያ፣ አዲስ የጥሬ ዕቃ ምንጭና አዲስ አደረጃጀትም ኢኖቬሽን ነው።

በንግድ ሥራ ትምህርት ቤቶች የኢኖቬሽን ሥራ አመራር የሚባለው ትምህርት ይህንኑ ያስተምራል፤ ከብዙ ሐሳቦች የሚረባውን መምረጥ፣ በትንሹ መሞከር፣ ወጪና ገቢውን ማስላት፣ ሰዎችን አሳምኖ ማሰለፍ፣ የማያዋጣውንም በጊዜ ማቆም። ትምህርቱ ብዙውን ጊዜ በሁለተኛ ዲግሪ በቢዝነስ አስተዳደር ውስጥ ይሰጣል።

ሙያውስ ወዴት ያደርሳል? በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ በግዳጅ ላይ ያለ ወታደር ከደመወዙ ቆርጦ ለባለቤቱ በስልክ መላክ ችሏል። ከእንዲህ ዓይነቱ አገልግሎት በስተጀርባ አሠራሩን የሚቀርጹ፣ ክፍያውን የሚተምኑ፣ ወኪሎችን የሚያሠለጥኑና የተጠቃሚውን ቅሬታ ተከታትለው የሚያርሙ ባለሙያዎች ያስፈልጋሉ። ባንኮች፣ ኢንሹራንሶች፣ ፋብሪካዎች፣ የኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና አማካሪ ድርጅቶችም ይህን ዕውቀት ይፈልጋሉ። የራሱን ድርጅት የሚያቋቁምም አለ።

ይሁን እንጂ አንድ ደመወዝ በሚገባበት ቤት የትምህርት ክፍያ ከልጆች ጉሮሮ የሚቀነስ ገንዘብ ነው። ስለዚህ እውነቱን መናገር ይገባል። በዚህ ስም የሚወጣ የሥራ ማስታወቂያ ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው ወደ ሙያው የሚገባው በሒሳብ፣ በገበያ ጥናት ወይም በፕሮጀክት ሥራ በር ነው። እንግዲህ እናንተ እኅቶች፣ አስቀድማችሁ በአንድ መሠረታዊ ሙያ ላይ ቁሙ፤ ይህንን በላዩ ጨምሩበት። ከሠራዊቱ የሚሰናበተውም ወንድማችን ንብረት መያዝን፣ ሥምሪት ማቀድንና ሰው መምራትን ይዞ ይወጣልና ከባዶ አይነሣም። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ትምህርት ቤቱ ዕውቅና ያለው መሆኑን፣ ተማሪው በእውነተኛ ድርጅት ውስጥ የሚለማመድ መሆኑንና የቀድሞ ምሩቃን የት እንደ ገቡ ጠይቁ።

ዛሬም ከዚህ ቆላ የሚወጣው ሰሊጥ አብዛኛው በጥሬው ተሽጦ ዘይትና ጠሒና የሚሆነው በሰው አገር ነው። ይህን ለመለወጥ ማሽን መግዛት ብቻውን አይበቃም፤ ገበሬውን፣ መጋዘኑን፣ ባንኩንና ገዢውን አስተሳስሮ የሚያሠራ የተማረ ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ከእኛ ቤተሰቦች መካከል የማይወጣበት ምክንያት የለም።